ምዕራፍ ሰባት፤ ስለ ሸኮ ከብትና ስለ ቀለብ ሒሳብ

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በአዲስ አበባ በካራ ወይም በሸጎሌ የቁም ከብት ገበያ ውስጥ የሚመላለስ ሰው፥ የሐረር ሰንጋ፥ የቦረና ሰንጋ፥ የወላይታ ሰንጋ እየተባለ በሬው ሁሉ በመጣበት አገር ስም ሲሞገስና ሲሸጥ ይሰማል። ገዢው ከበሬው ጎን ቆሞ እጁን በሽንጡ ላይ ይጭናል፤ የጭራውን ሥር ጨብጦ የስቡን ውፍረት ይገምታል፤ ወደ ፊት ዞሮ ሻኛውን ካየ በኋላ አፉን አስከፍቶ ጥርሱን ይመለከትና ዋጋ ይጠራል። ይህ የዓይንና የእጅ ፈተና ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጥበብ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የሚመዝነው ከብቱ ዛሬ የደረሰበትን ብቻ እንጂ፥ እዚህ እስኪደርስ ምን ያህል በላ፥ ስንት ጊዜ ታመመ፥ አብረውት ከተወለዱት ስንቱ በመንገድ ቀሩ የሚለውን አይጠይቅም።

በዚያ ገበያ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ አንድ የከብት ዘር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፥ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ባለው ደንና ቆላ ይኖራል። በሚኖርበት አገርና ሕዝብ ስም ሸኮ ይባላል። ቁመቱ አጭር፥ ገላው ጥቅጥቅ ያለ፥ ቀንዱ ድንክ ወይም ጭራሹን የሌለው፥ ሻኛውም እጅግ ያነሰ ወይም የማይታይ ነው። የከብትን ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት የዓለሙን ከብት በሁለት ነገድ ይከፍሉታል፤ አንደኛው በመካከለኛው ምሥራቅ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው ሻኛ የሌለው ነገድ፥ ሁለተኛው በህንድ ምድር በኢንዱስ ሸለቆ የተላመደውና ዘቡ የሚባለው ባለ ሻኛው ነገድ ነው። ዛሬ በአገራችን የምናየው አብዛኛው ከብት ባለ ሻኛ ሲሆን፥ ሸኮ ግን፥ ደሙ በዘመናት ብዛት ከጎረቤቶቹ ደም ጋር መቀላቀሉ ባይቀርም፥ በምሥራቅ አፍሪካ ከቀድሞው ሻኛ አልባ ነገድ የተረፈ ቅሪት እንደ ሆነ ይቆጠራል። በንጹሕነቱ የቀረው ቁጥሩ ጥቂት ሺህ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከመጥፋት ደጃፍ ከቆሙት የአፍሪካ ከብቶች መካከል ይጠራል።

ይህ ምዕራፍ፥ ለሥጋ የሚሆን ከብት ማርባት የሚሻ ሰው እንዲህ ያለውን ያልተለመደ ዘር መቼ ሊመርጠው፥ መቼስ ሊተወው እንደሚገባ ለመመርመር የተጻፈ ነው። ምርመራው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ አሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም የከብት ዋጋ የሚታወቀው በሚበላው ወይም በሚመዝነው ሳይሆን፥ ለራሱ መኖሪያ ካወጣ በኋላ በሚተርፈው ነው የሚል ነው።

ቀለብ ይቀድማል

በአራተኛው ምዕራፍ፥ ከብት ያመሰኳው ሣር በጨጓራው ውስጥ በረቂቃን ሕዋሳት ኃይል እንዴት እንደሚብላላ፥ በስድስተኛውም ምዕራፍ ያልረገፈ ድርቆሽና የረገፈ ድርቆሽ በኃይል ምን ያህል እንደሚለያዩ ተመልክተናል። እዚያ ሳንመልሰው የቀረው ጥያቄ፥ ከመኖው የተገኘው ኃይል ወዴት ይሄዳል የሚለው ነበር።

ነገሩን በአንድ ደመወዝተኛ አባወራ ቤት እንመስለው። አባወራው በወሩ መጨረሻ የተቀበለውን ብር ገና በእጁ እንደ ያዘ፥ የቤት ኪራዩ፥ የጤፉና የበርበሬው ዋጋ፥ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያና የመብራቱ ሒሳብ ተሰልፈው ይጠብቁታል፤ እነዚህን ሳይከፍል አንዲት ብር እንኳ በባንክ ሊያኖር አይችልም፤ ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው ግን፥ ጥቂትም ቢሆን፥ የቤቱ ጥሪት ይሆናል። የበሬም ገላ የሚተዳደረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ልቡ ያለ ዕረፍት ሊመታ፥ ሳንባው ሊተነፍስ፥ ሙቀቱ ሊጠበቅ፥ ያረጀው የገላው ክፍል ዕለት ዕለት ሊታደስ፥ እግሩም ከበረት እስከ ወንዝ ሊያደርሰው ግድ ስለ ሆነ፥ ከበላው ውስጥ የመጀመሪያው ድርሻ የሚወጣው ለዚህ ነው። ይህን ድርሻ የመኖሪያ ቀለብ እንለዋለን። ሥጋና ስብ የሚሆነው ከዚህ የተረፈው ብቻ ነው። ገቢው ከወጪው ያነሰበት አባወራ ጥሪቱን አውጥቶ እንደሚበላ፥ በበጋው መጨረሻ ግጦሹ የመነመነበት በሬም አስቀድሞ ስቡን፥ ቀጥሎም ሥጋውን እያቃጠለ ይኖራል፤ በመስከረም የጠገበው በሬ በመጋቢት ጎድኑ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ የበዛ አባወራ ወጪው እንደሚበዛ፥ ገላው የገዘፈ በሬም ቀለቡ ይገዝፋል። ይሁን እንጂ የቀለቡ ዕድገት የሚሄደው ሰው እንደሚገምተው አይደለም። በትውልዱ ስዊስ የሆነውና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳመለከተው፥ የእንስሳ ገላ በከበደ መጠን የሚያቃጥለው ኃይል ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ከክብደቱ ጭማሪ ያነሰ ነው። በእርሱ ስሌት፥ አንዱ በሬ 250፥ ሌላው 500 ኪሎ ቢመዝን፥ የሁለተኛው ክብደት የፊተኛው እጥፍ ሆኖ ሳለ፥ ቀለቡ የሚበልጠው በ68 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መኖው ሳይሰፈርለት ለሚቀርብለት ከብት ትልቅነት በእርግጥ ጥቅም አለው፤ ትልቁ ሰንጋ ይሻላል የሚሉት ነጋዴዎችም ያለ ምክንያት አልተናገሩም።

መኖው የተሰፈረ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ትንሹ በሬ በቀን 100 መስፈሪያ ኃይል ለመኖሪያው ቢያስፈልገው ትልቁ 168 ይፈልጋል ማለት ነው። ባለቤቱ አጭዶ በጓሮ ለታሰሩት ለሁለቱም ለየራሳቸው 120፥ 120 መስፈሪያ ቢያቀርብላቸው፥ ትንሹ 20 ሲቆጥብ ትልቁ 48 ይጎድልበታል። የቦረና አርብቶ አደሮች በራሳቸው ከብት ውስጥ ግዙፉን ቆርቲ፥ አነስ ያለውን አዩና ብለው ለይተው መጥራታቸው፥ ይህን ልዩነት ክላይበርን ሳያነቡ በድርቅ ዘመን እንደ ተማሩት ያሳያል።

በሒሳብ መዝገብ የማይጻፈው ወጪ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሣርና ስለ ክብደት ብቻ ነው። በደቡብ ምዕራቡ ቆላ ግን፥ በምንም የወር ሒሳብ ላይ አስቀድሞ የማይጻፍ፥ በመጣ ጊዜ ግን ቤቱን ሁሉ ባዶ የሚያደርግ ሌላ ወጪ አለ፤ እርሱም ደዌ ነው። በዚያ አገር የደዌው ዋና ስም ገንዲ ነው።

ገንዲን የሚያመጣው፥ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እንደ ክር የሚጥመለመል፥ በከብቱ ደም ውስጥ የሚዋኝ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ጥገኛ ፍጥረት ነው። ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የሚያጓጉዘው ጸጸ የምንለው የቆላ ዝንብ መሆኑን የብሪታንያ የጦር ሠራዊት ሐኪም ዴቪድ ብሩስ በዙሉላንድ የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዓመታት ነው። ዝንቡ በአፍሪካ 10 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ምድር የያዘ ሲሆን፥ በአገራችን የዓባይን፥ የዴዴሳን፥ የባሮንና የጊቤን ሸለቆዎች ተከትሎ ይኖራል። የተያዘው ከብት የሚሞተው አንድ ቀን በድንገት ወድቆ አይደለም፤ ቀይ ደሙ እያለቀ፥ ጠጉሩ እየቆመ፥ ላሚቱም ከሆነች ጽንሷን እያስወረደች፥ እየበላ ይከሳል።

የደሙን ማለቅ በዓይን ለማየት የሚቻልበት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሐኪሙ የከብቱን የጆሮ ጠርዝ በመርፌ ወጋ አድርጎ የወጣውን ደም እንደ ስንዴ አገዳ በቀጠነች የብርጭቆ ቱቦ ይቀዳል፤ የቱቦዋን አንድ ጫፍ ደፍኖ በፍጥነት በምትሽከረከር መኪና ውስጥ ያኖራታል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲያወጣት ደሙ ተለይቶ ቀዩ ከታች ረግቷል፥ ወርቃማው ውሃ ከላይ ቆሟል፥ በሁለቱ ድንበርም እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ይታያል። ጥገኛው ፍጥረት በአጉሊ መነጽር የሚፈለገው በዚያ በነጩ መስመር አጠገብ ነው። የቀዩ ዓምድ ቁመት ከጠቅላላው ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ይለካል፤ በጤነኛ ከብት ከ24 እስከ 46 ይደርሳል። ገንዲ የያዘው ከብት ዓምዱ ዝቅ ይላል፤ ዓምዱም ዝቅ ባለ ቁጥር ከብቱ ደም ለመተካት የሚያወጣው ኃይል ለሥጋ ከሚቀረው ላይ ይቀነሳል።

የሸኮ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ከአራት የአገራችን ዘሮች፥ ማለትም ከአቢጋር፥ ከሆሮ፥ ከጉራጌና ከሸኮ፥ የተመረጡ ከብቶች ዝንቡ በበዛበት በጊቤ ሸለቆ አብረው ተሰማርተው ለረጅም ጊዜ ደማቸው ሲመረመር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመ ጊዜ፥ ከአራቱ በገንዲ ጥቂት ጊዜ የተያዘው፥ የቀይ ደሙን ዓምድ ከፍ አድርጎ የጠበቀውና አነስተኛ ሕክምና ያስፈለገው ሸኮ ሆኖ ተገኘ። ስፍራው ራሱ ለነገሩ ክብደት ይጨምርለታል፤ በጊቤ ሸለቆ ጥገኛው ፍጥረት የተለመዱትን መድኃኒቶች መቋቋም ከጀመረ ቆይቷልና፥ ያልታመመ ከብት በመርፌ ከሚድን ከብት እጅግ ይበልጣል።

በምዕራብ አፍሪካ፥ ከጊኒ ደጋ የወጣው ንዳማ የተባለው ሻኛ አልባ ከብት በዚሁ ጸጋ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። መቀመጫቸው ናይሮቢ የሆነ ተመራማሪዎች ንዳማን ከኬንያው ቦረና ጋር አዳቅለው የልጅ ልጆቹን ደምና ገላ ከመረመሩ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ደዌውን ለመቻል ከሚረዱት የዘር ቅንጣቶች የሚበዙት ከንዳማ፥ ጥቂቶቹ ግን በደዌው ከሚጠቃው ከቦረና የመጡ መሆናቸውን አስታወቁ። አንዱን ዘር ፍጹም ክቡር፥ ሌላውን ፍጹም ኅሱር አድርጎ የሚመድብ ሰው ይህን ነገር ደግሞ ደጋግሞ ቢያስበው መልካም ነው።

ደግሞም መቻልና አለመታመም አንድ አይደሉም። ሸኮም ሆነ ንዳማ በዝንቡ ይነደፋል፥ ጥገኛውም በደሙ ይገባል፤ ልዩነቱ ጥገኛው በደሙ ውስጥ በማነሱና ከብቱ ጉዳቱን በመሸከሙ ላይ ነው። ጸጋው ራሱ በቀለብ የሚጠበቅ ስለ ሆነ፥ የተራበ፥ በእርሻ የደከመ ወይም ጡት የምታጠባ ከብት ይህን ኃይሏን ልታጣ ትችላለች።

ከከብቱ በፊት አገሩ

ስለዚህ መራጩ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ የትኛው ከብት ይሻላል የሚል ሳይሆን፥ ከብቴ የሚኖረው የት ነው የሚል ሊሆን ይገባል። በቢሾፍቱ ወይም በአዳማ ዙሪያ፥ ዝንብ በሌለበት፥ ፉርሽካና ፋጉሎ ገዝቶ በበረት የሚያደልብ ሰው ሸኮን ፈልጎ ሚዛን ተፈሪ ድረስ ቢወርድ ከንቱ ድካም ይመስለኛል፤ እርሱ ሰፊ ደረት ያለውን ቦረና ወይም እንደ ሐረርጌ ገበሬ ልማድ ከማሽላው ማሳ በተነቀለ ለምለም አገዳ የሚቀለበውን የሐረር በሬ ይግዛ። በቤንች ሸኮ ቆላ የሚኖር ገበሬ ግን፥ በመልኩ ተማርኮ ከሩቅ ያመጣው ግዙፍ ኮርማ ያመጣለትን ክብደት፥ በመርፌ ዋጋና በሚሞቱ ጥጆች መልሶ ሊከፍለው ይችላል።

አገሩ ከተለየ በኋላ ከብቱን መምረጥ ይቀራል። የሚገዛበት ወር በጋው የሚበረታበት፥ ሣሩ የሚያልቅበት ቢሆን ይመረጣል፤ በጥቅምት ሁሉም ከብት ያምራልና። በመጋቢት ጠጉሩ የሚያብለጨልጭ፥ ጀርባው ያልጎበጠ፥ ዓይኑ ያልሰረገደ ወይፈን የራሱን ምስክርነት በገላው ተሸክሞ ይቆማል። አፉ ሰፊ፥ ደረቱ ጥልቅ፥ እግሩ ቀጥ ያለ ይሁን። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እናቱን ማየት፥ ስንት ጊዜ እንደ ወለደች፥ በስንት ዓመት ልዩነት እንደ ወለደች፥ እርሱም ከተወለደ ጀምሮ ስንት መርፌ እንደ ተወጋ መጠየቅ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ማንም የማይጠይቀው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ፥ ሚዛን ተፈሪ ላይ ከጥያቄዎች ሁሉ ይቀድማል።

ሸኮን የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ መቀበል አለበት። ፊተኛው፥ ሻኛው ማነሱ ነው፤ የሥጋ ቤት ደንበኛ ቁርጡን ከሻኛ ይጀምር ዘንድ የለመደ ስለ ሆነ፥ ሻኛ የሌለው በሬ ሥጋው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ በዋጋ ክርክር ላይ ይሸነፋል። ሁለተኛው ቁጣው ነው። የሸኮ ወንዱ ኃይለኛ ነው፤ እረኛው ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ ስለ ሆነ ወላጆች ይፈራሉ፤ ስለዚህም ወይፈኑ ገና ሳይጎለምስ ይቀጠቅጡታል ወይም ይሸጡታል። በዚህ የተነሣ የሚመጣውን ጉዳት በኋላ እንመለስበታለን።

ከጥር እስከ ትንሣኤ

ስለ ማደለብ አብዛኛው ነገር በስድስተኛው ምዕራፍ ስለ ተነገረ ለትናንሽ ዘሮች የተለየውን ብቻ እጨምራለሁ። ለትንሣኤ ገበያ የሚያደልብ ሰው ሥራውን በጥር ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ይኖረዋል። ፉርሽካውንና የኑግ ፋጉሎውን በመጀመሪያው ቀን በገፍ ማፍሰስ አይገባም፤ በጨጓራ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት አዲሱን መኖ እስኪለምዱ ሁለት ሳምንት ያህል ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ፥ ድርቆሹም ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት፤ አለዚያ ከብቱ ሆዱ ይነፋል፥ መብላቱንም ያቆማል። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ካለ አተላው ጥሩ መኖ ነው። ንጹሕ ውሃና ጨው ወይም ቦሌ አይጉደልበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማቆሚያው ቀን ላይ ነው። ገላው ትንሽ የሆነ ከብት ዕድገቱን የሚጨርሰው፥ ስብም መያዝ የሚጀምረው ከግዙፉ ቀድሞ በዝቅተኛ ክብደት ነው። ግዙፉ ገና አጥንትና ሥጋ በሚጨምርበት ጊዜ ትንሹ የሚበላውን ሁሉ ወደ ስብ መለወጥ ጀምሯል፤ አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ይልቅ ብዙ መኖ ይፈጃል። ጮማ የሚወደው ገዢ ለተወሰነው ይከፍላል፥ ከዚያ ላለፈው ግን ባለቤቱ ከኪሱ ይከፍላል። እንግዲህ ያ የገበያ ሰው የጭራውን ሥር የሚጨብጥበት እጅ እዚህ ላይ ጠቃሚ ይሆናል፤ በጭራው ሥር ግራና ቀኝ ያለው ጎድጓዳ ሞልቶ ሲለሰልስ፥ ትንሹ በሬ ለፋሲካ ሳምንታት ቢቀሩት እንኳ ቢሸጥ ይሻላል።

የኮርማ ነገር

ሊቃውንቱ እንደሚሉት ዘቡ በምሥራቅ አፍሪካ ይበልጥ የተስፋፋው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወቀው ዘመን ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ የአገሩን ከብት ከጨረሰ በኋላ ነው፤ የሞተውን ለመተካት ከሩቅ የመጣው ባለ ሻኛ ነበርና። ዛሬ ሸኮን የሚያጠፋው ግን ወረርሽኝ ሳይሆን፥ ኃይለኛው ወይፈን መቀጥቀጡ ነው። ኮርማ የሌላት የሸኮ ላም ከጎረቤት ባለ ሻኛ ኮርማ ትጠቃለች፤ ጥጃዋም ግማሽ ሸኮ ይሆናል፤ የጥጃዋ ጥጃ ሩብ ይሆናል።

የኮርማ ጥቂት መሆን ሌላም ጉዳት ያመጣል። በአንድ መንደር 20 ላሞችና አንድ ኮርማ ቢኖሩ ከብቱ 21 ነው፤ በዘር ብዛት ግን 21 አይሆንም፤ ከሚወለዱት ጥጆች ሁሉ ደም ግማሹ ከዚያው ከአንዱ አባት ነውና። ይህን የሚያሰሉ ሊቃውንት የወንዶቹን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር አብዝተው፥ ያንንም በአራት አብዝተው፥ ለሁለቱ ድምር ያካፍሉታል። በዚህ ስሌት የዚያ መንደር መንጋ የሚቆጠረው እንደ አራት ከብት እንኳ ሳይሆን እንደ 3.8 ነው። ኮርማዎቹ አምስት ቢሆኑ 16 ይደርሳል። አንድ ኮርማ ብቻ ያለው መንደር ግን ልጆቹ ጊደር ሆነው ሳይፈልጉት በፊት፥ ማለትም በሁለት ዓመት ገደማ፥ ኮርማውን ለሌላ መንደር ሰጥቶ የዚያን መንደር ኮርማ ቢቀበል ቢያንስ አባት ከልጁ ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የትኛው ጥጃ ከማን እንደ ተወለደ የሚጻፍበት አንድ ደብተርና እርሱን የሚጽፍ አንድ ታማኝ ልጅ ነው። የቁጣውንም ነገር በጥጃነት ማቃለል ይቻላል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በገመድ የታሰረ፥ በእጅ የበላና የተዳሰሰ ወይፈን በዱር ካደገው ይልቅ ለእረኛው ይገዛል።

ዘሩን አስቀድሞ በማስቀመጥ ማዳን ይቻላል የሚሉም አሉ። የኮርማው ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፥ ኮርማው ከሞተ ከዓመታት በኋላም ላም ሊያስረግዝ ይችላል፤ በቃሊቲ ያለው የማዳቀያ ማዕከል የሚሠራው በዚህ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ንጹሕ የሸኮ ላሞች ካለቁ፥ በቀዘቀዘው ዘር ብቻ ዘሩን ለመመለስ የሌላ ዘር ላም ተወስዳ ጥጃዋ ግማሽ፥ የልጅ ልጇ 75 በመቶ፥ ቀጣይዋ 87.5፥ አራተኛዋ 93.75 በመቶ ሸኮ እየሆነች መሄድ አለባት። የአገራችን ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው በግምት በአራት ዓመቷ ስለ ሆነ፥ እዚህ ለመድረስ ከ12 ዓመት በላይ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜም ግማሽና ሦስት ሩብ የሆኑትን እንስቶች ሳይሸጥ የሚቀልብ፥ ቀለባቸውንም ከጥጆቻቸው ዋጋ የሚያወጣ ገበሬ መገኘት አለበት።